ልቤ ረጋ ብሏል አልኳት

ኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ኤዶም ናት፣ የሠርግ ልብስ ያዘዘችን ልጅ። ሽፋኑ ላይ የፀሐይ ሥዕል አለ፤ ከሥሩ «ውስጤን አዳምጣለሁ» ይላል። በሃምሳ ሦስት ዓመቴ ደብተር ተገዛልኝ። «እማማ የሺ፣ የከበደዎትን ሁሉ ይጻፉበት፤ ፈውስ ነው» አለችኝ። የከበደኝማ ያንቺው ትእዛዝ ነው ልላት ፈልጌ ዋጥኩት። አሥራ አራት ቀሚስ! ሁሉም የእጅ ጥልፍ። ለራሷ፣ ለእናቷ፣ ለአማቷ፣ ለእህቶቿ፣ ለሚዜዎቿ። ሠርጉ ጥር 4 ነው። ዛሬ ብቆጥረው ሃምሳ ቀን አይሞላም። በዚያ ላይ የጥምቀት ልብስ የሚያሰፋው ሰው ገና አልመጣም።

እሺ ያልኩት በኡሙሀኒ ተማምኜ ነው። የድሮው የሱቆች ረድፍ ከፈረሰ ወዲህ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ስትወርዱ ያለ አንድ ፎቅ ሥር ገብተናል፤ ግማሹ ደንበኛችን የት እንደገባን አላወቀም። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሲመጣ እምቢ ማለት ያስፈራል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከኡሙሀኒ ጋር ሠርተናል። ሰው «የየሺዓለም ጥልፍ» ይላል እንጂ እጁ የእሷ ነው። እኔ እለካለሁ፣ እቆርጣለሁ፣ እሰፋለሁ፣ ደንበኛ አባብላለሁ። እሷ ትጠልፋለች። የወሎ እስላም ናት፤ ዓርብ ጁምዓ ሰግዳ ትመጣና ያጋመሰችውን መስቀል ትጨርሳለች።

ኅዳር 18፣ ረቡዕ

ኤዶም ዛሬ ልኬት ልታስተካክል መጥታ የፈቀደን ወሬ ሰማች። ፈቀደ ከጎናችን ያለው ልብስ ተኳሽ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ደሴ ሊሄድ ሲል «ዛሬ ቅር፣ ልቤ ፈራ» ብዬው ቀረ፤ ሊሄድበት የነበረው አውቶቡስ ተገለበጠ። ከዚያ ወዲህ የሚያገኘውን ሁሉ «የሺ ያለችው መሬት ጠብ አይልም» ይላል። የሳትኩትን የሚቆጥር የለም። ለእሱ ለራሱ ሁለት ጊዜ ሎተሪ ይደርስሃል ብዬው ነበር።

ሆኖም ውሸት አይደለም፤ የሚሰማኝ ነገር አለ። ክፉ ነገር ሊመጣ ሲል ከልቤ ሥር ብርድ ይገባል፤ በጠዋት ደጅ ስትከፍት የሚገባ ዓይነት። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነው። ኤዶም ይህን ስነግራት ዓይኗ ፈጠጠ። «እማማ የሺ፣ ይህ እኮ ስጦታ ነው፤ ሰው ሊሰማው ይገባል» ብላ ስልኳን ደቀነችብኝ። እኔም አፌ አያርፍ፣ «ልብ አይዋሽም፤ የሚዋሸው ሰው ነው» አልኩ። ኡሙሀኒ ከጥልፏ ቀና ብላ ፈገግ አለችልኝ።

ኅዳር 20፣ ዓርብ

ኡሙሀኒ ከጁምዓ ተመልሳ ደንበኛ እስኪወጣ ጠበቀች። ከዚያ ልብስ ከሚለካበት መጋረጃ ጀርባ ጠራችኝ። «እትዬ፣ እጅሽን አምጪ» አለችኝ። ወደ ብብቷ ጠጋ ባለው በኩል ጡቷን አስነካችኝ። የሽምብራ ያህል ነገር አለ። ጠንካራ ነው። ሲጫኑት አይንሸራተትም።

«ቀልብሽ ምን ይልሻል? ሐኪም ቤት ልሂድ እንዴ?» አለችኝ።

«ልቤ ረጋ ብሏል» አልኳት። «ስብ የቋጠረ ነው፤ ሥራ ሲበዛ የሚወጣ። ጥምቀት ይለፍና አብረን እንሄዳለን።»

ፊቷ ፈካ። «አልሀምዱሊላህ። አንቺ ካልሽማ!» ብላ ወደ መርፌዋ ተመለሰች።

ጥሩ ነው። ያለምክንያት ሰው ማስጨነቅ ምን ይሠራል? ስንቱ ነው እንዲህ የሚቋጥር።

እጄን ሁለት ጊዜ ታጠብኩ። የስፌት መኪናው ዘይት ነክቶኝ ነው መሰለኝ።

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ

ኅዳር ጽዮን። ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ መጣሁ። ስጸልይ የሰው ስም እየጠራሁ ነው፤ ልማዴ ነው። የሞቱትን፣ ያሉትን፣ ፈቀደን ሳይቀር። ኡሙሀኒ ጋ ስደርስ ዘለልኳት። ረስቼ አይደለም። ስሟን ብጠራ ቀጥሎ ምን እንደምለምን አላወቅሁም።

ኅዳር 26፣ ሐሙስ

ኤዶም የቀረጸችውን ለቅቃዋለች። ያሳየችኝ ሳሊሀ ናት፣ የኡሙሀኒ ልጅ። ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ ቁም ነገረኛ ልጅ ናት፣ ለስልክ ወሬ ብዙም አይደለችም። «እማማ የሺ፣ ታዋቂ ሆኑ እኮ» ብላ ስልኩን ፊቴ አደረገችው። እኔ ነኝ፤ ሜትሬን አንገቴ ላይ ጥዬ «ልብ አይዋሽም» እላለሁ። ዝጊው አልኳት። ድምፄ ያስጠላል ብዬ።

ከሰዓት በኋላ አራት ሴቶች መጡ፤ አንዷም ልብስ አላዘዘችም። አንዷ ባሏ ይመለስ እንደሆነ፣ አንዷ ቤቱን ትሸጠው እንደሆነ። ፈቀደ ደጁ ላይ ቆሞ ይስቃል። «የሺ፣ እባክሽ ልብሽን ጠይቂልኝ፤ ዛሬ መብራት ይጠፋል ወይስ ካውያዬን ልሰካ?» ሴቶቹን «እግዚአብሔር ያውቃል» እያልኩ ሸኘኋቸው። ትሕትና መሰላቸው።

ታኅሣሥ 2፣ ረቡዕ

ስድስት አልቋል። ስምንት ቀረ። ወርቃማው ክር አለቀ፤ ፒያሳን ከላይ እስከ ታች ዞርኩ፣ የለም። መርካቶ ደረስኩ። የኤዶም አማት ልኬት ተለወጠ፣ ወፍራለች፤ በጾም! ኡሙሀኒ ደህና ናት። ጠየቅኳት። ማለት፣ «ደህና ነሽ?» አልኳት፣ «አልሀምዱሊላህ» አለች። በቃ።

ታኅሣሥ 8፣ ማክሰኞ

ኡሙሀኒ ዛሬ መርፌውን ሁለት ጊዜ ጣለች። ክንዷን ታሻለች። ፈቀደ አይቷት «ኡሙ፣ ክንድሽም አቤቱታ ጀመረ? ይህች አለቃሽ አላሳርፍ ብላሽ ነው» አላት። እሷ ሳትመልስ እኔ ቀድሜ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ» አልኩ፤ ሦስታችንም ሳቅን። ሳቄ ጆሮዬ ውስጥ አስጠላኝ።

ትንሽ ቆይታ ኡሙሀኒ መጋረጃው ጀርባ ገባች። ቆየች። ስትወጣ ሻርፗን ታስተካክላለች። ልብሷን ገልጣ እያየችው ነበር ማለት ነው። አልተከተልኳትም። ሜትሩን ጠቀለልኩ፣ ፈታሁ፣ ጠቀለልኩ።

«እትዬ፣ ልብሽ አሁንም እንደረጋ ነው?» አለችኝ ወደ ማምሻው፣ ክር እየበጠሰች።

«እንደረጋ ነው።»

ሁለተኛ ጊዜዬ።

ታኅሣሥ 14፣ ሰኞ

አንዲት የማላውቃት ወጣት ሕፃን አዝላ ከኮልፌ መጣች። ስልክ ላይ አይታኝ ነው። ሕፃኑን ትኩሳት ከያዘው ሦስት ቀኑ ነው። «ጸበል ልውሰደው ወይስ ሐኪም ቤት? እናቴ፣ ልብዎ ምን ይልዎታል?» አለችኝ። እጄን ጀርባው ላይ ባሳርፍ እንደ እሳት ይነድዳል። ያ ብርድ ከልቤ ሥር ገባ።

«ልጄ፣ የኔን ልብ ተዪው። አሁኑኑ ሐኪም ቤት! ጸበሉ የትም አይሸሽም፤ ከሐኪም ቤት ስትመለሺ ትወስጂዋለሽ» አልኳት። ደጅ ድረስ ይዣት ወጥቼ ታክሲ አስቁሜ አሳፈርኳት። ደስ አለኝ፤ ዋጋ ያለው ነገር የሠራሁ መሰለኝ።

ስመለስ ኡሙሀኒ ከጥልፏ ቀና ሳትል «ዛሬ ልብሽ ፈጥኖ ተናገረ» አለችኝ።

ምን ማለትሽ ነው አላልኳትም።

ታኅሣሥ 15፣ ማክሰኞ

ሳይነጋ ነው የምጽፈው። ኅዳር 20 የጻፍኩትን ገልጬ አነበብኩ። ዘይት አልነካኝም ነበር። ያን ቀን መኪናውን ዘይት አላጠጣንም።

ልቤም አልረጋም ነበር። እጄ ያን ነገር እንደነካ ብርዱ መጣ፤ እንደዚያ መጥቶ አያውቅም፣ እስከ ጉልበቴ ወረደ። እንግዳ ነገር ሆኖብኝም አይደለም። እህቴ ውድነሽ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት እንዲሁ እጄን ወስዳ አስነክታኝ ነበር። ያው ሽምብራ። ያው የማይንሸራተት። እሷ ከጸበል ጸበል ስትል፣ እኔም አብሬያት ስል ስምንት ወር ሄደ። ሐኪም ቤት ስንደርስ ዶክተሩ ቁጭ አድርጎ እኔን ነው ያናገረኝ፣ እሷን አይደለም። እንግዲህ ልብ ቢሉት ልብ፣ እጅ ቢሉት እጅ፣ እኔ ዐውቄያለሁ። ዐውቄ ዋሸኋት።

ለምን? ልጻፈው እንግዲህ፣ ኤዶም ጻፊ ብላኝ የለ። እጄ ከብብቷ ሳይነሣ ጭንቅላቴ ውስጥ የመጣው «አሥራ አራት ቀሚስ» የሚለው ነው። ኡሙሀኒ ሐኪም ቤት ከገባች ማን ይጠልፋል? ይኸው ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብራኝ የበላች ሴት ጡቷን አስነክታኝ እኔ የቆጠርኩት ቀሚስ ነው። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ ዳግመኛ ያን የሐኪም ቤት አግዳሚ ላይ መቀመጥ ፈርቻለሁ። እውነት ነው። ግን ይህን የጨመርኩት የመጀመሪያውን ትንሽ እንዲያሳምርልኝ ነው። ቀድሞ የመጣው ቀሚሱ ነው።

አፍራለሁ። ይህን ብቻዬን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይቃጠላል።

ዛሬ እነግራታለሁ።

ታኅሣሥ 16፣ ረቡዕ

አልነገርኳትም። ሦስት ነው የቀረው።

ታኅሣሥ 20፣ እሑድ

ለገና ልቆርብ አስቤ ንስሐ አባቴ አባ ገብረአብ ጋ ሄድኩ። ሐሜት አልኩ። ቁጣ አልኩ። ሁለት ቀን ከሰዓቱ በፊት ቀምሻለሁ አልኩ።

«ሌላስ?» አሉኝ።

«የለም፣ አባቴ።»

«ልጄ፣ ከሰው ተቀያይመሽ እንደሆነ ሳትታረቂ አትቅረቢ» አሉ።

«ከማንም አልተቀያየምኩም» አልኳቸው። ውሸት አይደለም፤ ኡሙሀኒ አታውቅም፤ መቀያየም ደግሞ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ይህን ክርክር የፈለሰፍኩት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ቆሜ ነው። አባ ቀኖና ሰጡኝ፣ ሃያ አንድ ስግደት። ለሐሜቱና ለመቅመሱ ሰገድኩ።

ታኅሣሥ 25፣ ዓርብ

አንድ ቀረ፤ የኤዶም የራሷ። ኡሙሀኒ በግራ እጇ ክንዷን ደግፋ ነው የምትጠልፈው። «ተዪው፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» አልኳት። ሳቀች። «ያንቺን ጥልፍማ ሙሽራዋ ገና ሳትወጣ ነው የምትፈታው» አለች። እውነቷን ነው፣ አልችልም። ሆኖም አረፍ በይ ብዬ መርፌውን ልነጥቃት እችል ነበር። አልነጠቅኳትም።

ታኅሣሥ 29፣ ማክሰኞ። ገና

አልቆረብኩም። ሌሊቱን አስቀድሼ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ከሴቶቹ ጋር ቆሜ ነበር፤ ተራዬ ሲቀርብ ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። ጎረቤቴ «ምነው?» አለችኝ። «አሞኝ ነው» አልኳት። ውሸት ለምዶብኛል።

እንደ ሁልጊዜው ኡሙሀኒና ሳሊሀ እንኳን አደረሰሽ ሊሉኝ መጡ። ውቤ በረሃ ቤቴ ድረስ ስትወጣ ኡሙሀኒ ሦስት ቦታ አርፋለች፤ ሳሊሀ ናት የነገረችኝ። ኬክ ይዘውልኝ መጥተዋል። ሥጋችንን እንደማይበሉ ስለማውቅ ብርቱካንና ለስላሳ አቀረብኩ። ኡሙሀኒ ሶፋው ላይ ጋደም ባለችበት ሳሊሀ ኩሽና ተከትላኝ ገባች።

«እማማ የሺ፣ እማዬን አንድ ነገር ይበሉልኝ። ጡቷ ላይ ያለውን አየሁት። ሐኪም አይደለሁም፣ ግን መድኃኒት ከሚሸጥበት ቤት ነው የምውለው፤ ሰው ሲያወራ እሰማለሁ። ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት ‹የሺ ልቤ ረጋ ብሏል ብላኛለች፤ የየሺ ልብ አይዋሽም› ትለኛለች። እርስዎ ሂጂ ካሏት ነገ ትሄዳለች።»

«ጥምቀት ይለፍና...» አልኩ። አሁንም! ከአፌ የወጣው ይኸው ነው።

ሳሊሀ ግራ ገብቷት አየችኝ። «ቀሚሶቹ አላለቁም እንዴ?» አለች። በቅንነት ነው የጠየቀችኝ። በቅንነት መሆኑ ገደለኝ። ብርቱካኑን ልላጥ ብዬ ጣቴን ቆረጥኩ።

ጥር 2፣ ዓርብ

አሥራ አራቱም ወጡ። የኤዶም እናት እልል አለች፣ ኤዶም አለቀሰች፣ ፈቀደ ሁሉንም በነፃ ተኮሰ። ኡሙሀኒን «እጅሽ ይባረክ» አሏት። ክንዷን ይዛ «አሚን» አለች።

እፎይ የምልበት ቀን ይህ ነበር፣ ሃምሳ ቀን የጠበቅሁት። እፎይታ አልመጣም። ሰበብ አለቀብኝ፣ ሌላ የሆነ ነገር የለም። አሁን ብዘገይ ለቀሚስ ነው የምለው የለኝም።

ጥር 4፣ እሑድ

ሠርግ። ኡሙሀኒ አልመጣችም፣ ደክሟታል። ኤዶም እጄን ይዛ ለአማቶቿ «ልባቸው የሚነግራቸው እናት እኚህ ናቸው» ብላ አስተዋወቀችኝ። አንዲት ሴትዮ ጉልበቴን ሳመች። «ይመርቁኝ» አለች። መረቅኋት። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ጥር 6፣ ማክሰኞ

ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወረድ ብሎ ያለው ቤቷ ሄድኩ። ልነግራት ቆርጬ ነው የሄድኩት፤ መንገዱን ሙሉ ቃሉን እየደጋገምኩ። በሩን ከፍታ «እትዬ! አብሽሪ፣ ነገ እገባለሁ፣ ለጥምቀት ልብሶቹ ሥራ እደርሳለሁ» አለችኝ። የመጣሁት ለሥራ ጥሪ መሰላት። ሌላ ምን ይምሰላት? ስለ ክር አወራን። የቀይ ክር ዋጋ። ግማሽ ሰዓት።

ጥር 7፣ ረቡዕ

ነገርኳት።

ሱቁን በእኩለ ቀን ዘግቼ ተመልሼ ሄድኩ። ፈቀደ «የት?» ቢለኝ «ልታረቅ» አልኩት፤ ከማን ሳይለኝ ወረድኩ። ሳሊሀ ሥራ ነበረች። ኡሙሀኒ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ፣ ክንዷን ትራስ ላይ አሳርፋለች። አልተቀመጥኩም። ብቀመጥ ስለ ክር አወራለሁ።

«ኅዳር ላይ ልቤ ረጋ ብሏል ያልኩሽ ውሸት ነው። በጣም ፈርቼ ነበር። የውድነሽን ታውቂያለሽ፤ እንደዚያው ነበር፤ እንደነካሁት ነው ያወቅሁት። የኤዶም ቀሚስ እንዳይቀርብኝ ብዬ ነው የዋሸሁሽ።»

ይህን ያህል ነው። አንድ ትንፋሽ።

ክንዷን ከትራሱ ላይ አነሣች። ከድልድዩ በኩል የታክሲ ረዳቶች ጩኸት ይሰማል። ብትጮኽብኝ፣ ብትሰድበኝ ደስ ባለኝ። ጣቶቿን እያየች ተናገረች።

«እኔ ዘንድም ያልነገርኩሽ አለ። ያን ዓርብ ጧት ኢስቲኻራ ሰግጄ ነበር፤ ያ ረብ፣ የሚሻለውን ምረጥልኝ ብዬ። ሰግጄ ስጨርስ ልቤ ‹ሂጂ› አለኝ፣ ጥርት አድርጎ። ፈራሁ። ወዳንቺ የመጣሁት አትሂጂ እንድትዪኝ ነው እኮ። አልሽኝ። ወላሂ፣ እንዴት ደስ እንዳለኝ!»

ትከሻዬ ሲላላ ተሰማኝ። እሷም አየችው።

«እንዳታርፊ» አለችኝ። «የኔ ፍርሃት የኔ ነው። ያንቺ ውሸት ያንቺ ነው። አንዱ ሌላውን አያወራርድም።»

ተንበረከክሁ። «ለእግዚአብሔር ብለሽ ይቅር በይኝ።» በኛ ወግ ይህ ከተባለ እምቢ የሚል ሰው የለም። ደመኛም ቢሆን ከአንገት በላይ «ይቅር ለእግዜር» ይላል። እኔም የጠበቅሁት እሱን ነው፤ ከአንገት በላይም ቢሆን ይበቃኝ ነበር።

«ዛሬ አልልሽም» አለች። «ይቅር ብዬሽ አንቺ ቀሎሽ ቤትሽ ልትገቢ፣ እኔ ይህን ይዤ ልቀር? አይሆንም፣ እትዬ። ነገ በአንድ ሰዓት ነይ፤ ሐኪም ቤት እንሄዳለን። ተነሺ አሁን፣ ጉልበትሽን ያምሽ የለ?»

ጥር 8፣ ሐሙስ

በአሥራ ሁለት ተኩል ደጇ ደረስኩ። ካርድ፣ ሰልፍ፣ ራጅ፣ ሰልፍ። በመርፌ ከእብጠቱ ቀድተው ወሰዱ። ያው አግዳሚ፣ ያው የኮሪደር ሽታ። የውድነሽ ጫማ ሳይቀር ትዝ አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት ያላለቀስኩት እዚያ አለቀስኩ፣ ለኡሙሀኒ ይሁን ለውድነሽ ለይቼ አላውቅም። ኡሙሀኒ ከመርፌው ወጥታ አየችኝና «ማን ነው የታመመው?» አለች። ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ውጤት ከሁለት ሳምንት በኋላ።

ጥር 11፣ እሑድ። ጥምቀት

ታቦታቱን ለመሸኘት ወጣሁ። ሰው ሁሉ ነጭ ለብሷል፤ ጥልፋችንን ብዙ ሰው ላይ አየሁ፣ ካምናም ከካቻምናም የሠራነውን። አንዲት ሴትዮ «እማማ የሺ፣ ለዘንድሮ ልብዎ ምን ይላል?» አለችኝ ከሕዝቡ መሐል።

«ዝም ብሏል» አልኳት። ለኤዶም ደውዬ ቪዲዮውን አጥፊልኝ ብያታለሁ። «ለምን? ስንቱን እያጽናና ነው እኮ!» አለችኝ። «ስለማያምር» አልኳት። ሙሉውን አልነገርኳትም። እሱም ይቀረኛል።

ጥር 22፣ ሐሙስ

ሦስታችን ገባን፣ ኡሙሀኒ፣ ሳሊሀ፣ እኔ። ዶክተሯ በዕድሜ ገፋ ያለች ናት፤ የምትለውን አትሸፋፍንም። ካንሰር ነው። ብብቷ ሥር ወዳሉት እጢዎች ዘልቋል። «ይታከማል» አለች። «ግን መድኃኒቱ ይቀድማል፣ ከዚያ ቀዶ ሕክምና። ረዘም ያለ ነው፣ መበርታት ይጠይቃል።» ሳሊሀ አጠገቤ ናት፤ እጄን ጥብቅ አድርጋ ይዛኛለች።

ዶክተሯ ካርዱን ስባ «መጀመሪያ ያገኘሽው መቼ ነው?» አለች።

«ኅዳር አጋማሽ ላይ» አለች ኡሙሀኒ።

«ሁለት ወር አልፎታል። ለምን ዘገየሽ?»

ኡሙሀኒ ዓይኗን ወደ ጭኗ አወረደች። ወደኔም አልዞረችም። ሻርፏ ጫፍ ላይ ያለውን ክር ታፍተለትላለች። ለልጇ እንዳልነገረቻት ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከልጇ እኔን ሸፍና ነው የተቀመጠችው። ዝም ብል ያልፋል። ዶክተሯ ሌላ ጥያቄ አላት፣ ከደጅ ሰልፍ አለ። ማንም ሳያውቅ ያልፋል።

«እኔ ነኝ ያዘገየኋት» አልኩ። «ሐኪም ቤት ልሂድ ብላ ጠይቃኝ ነበር። አደገኛ መሆኑን እያወቅሁ ምንም አይደለም አልኳት። ሥራ ነበረብን።»

የሳሊሀ እጅ ከእጄ ወጣ። ቀስ ብላ ነው ያወጣችው፣ እንደ ጨዋ ልጅ። ከዚያ ተነሥታ ከእናቷ ወዲያ ማዶ ሄዳ ቆመች። ዶክተሯ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ ለአፍታ አየችኝ፤ ካርዱ ላይ «ሁለት ወር» ብላ ጻፈችና ወደ ኡሙሀኒ ዞረች። ለእኔ የሚሆን ቦታ ካርዱ ላይ የለም።

ስንወጣ ሳሊሀ መድኃኒት ማዘዣውን ይዛ ቀድማን ሄደች።  በሩ ላይ እኔና ኡሙሀኒ ታክሲ ቆመን ጠበቅን። ክንዷን ልደግፍ እጄን ዘረጋሁ፤ ከለከለችኝም፣ ተቀበለችኝም አልልም፤ ተወችው።

«ሳሊሀ...» አልኩ።

«ትቆጣ። መብቷ ነው» አለች። ትንሽ ቆይታ «መድኃኒቱ ማክሰኞ ይጀመራል። በአንድ ሰዓት ነይ» አለችኝ።

«እመጣለሁ። ኡሙዬ፣ እኔ እኮ ልቤ የሚለኝ...»

ቃሉን ከአፌ ነጠቀችኝ።

«ልብሽን ሱቅ ትተሽ ነይ» አለች። «እግርሽ ይበቃኛል።»